ለሲጌ የተጋገረ ዳቦ

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናትም አባትም ሆነው ላሳደጉኝ አክስቴ ለእታለም ዙፋን፤

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ዳጉሳው አምሮ፣ አጎቴ ዳኘውም እንደ ልማዱ እየቀለደ ታግኝዎ። እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና መጀመሩ ነው፤ ያገሬው ሰው ግን አሁንም በጋ ነው እያለ ያጽናናኛል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳይሉኝ። እርስዎ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥተው «ሃሎ» ባሉ ቁጥር ግማሹ ቀበሌ የእኔን ጉዳይ ይሰማል። ባለፈው ጥርሴን እንዳመመኝ የነገርሁዎት ዕለት ማታውኑ ከቡሬ ስንቱ ደውሎ እግዜር ይማርሽ እንዳለኝ አይጠይቁኝ። ስለዚህ ይህችን በመምህር ይታገሱ የፖስታ ሣጥን ፍኖተ ሰላም ልኬያታለሁ። የአጎቴ የወንድም ልጅ ነውና ለገበያ ቡሬ ሲወርድ ያደርስልኛል።

ጥያቄዬ ያስቅዎት ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ለውሾቹ የሚጋግሯት ጠንካራ ዳቦ ነበረች፤ ከበቆሎና ከአጥንት መረቅ የምትሠራው። እንዴት እንደምትጋገር ይጻፉልኝ። እዚህ መወዳጀት ያለብኝ አንድ ውሻ አለ። ሲጌ ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ ጥጃ ያህላል፣ ሱቅ የሚሸጠውን ምግብ ብሰጠው አያየውም። የማን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ሥራዬ እዚያው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ይወዱኛል፤ ስሜን መጥራት አቅቷቸው «መታ» ይሉኛል።

እጅዎን ስሜ፣
ልጅዎ መታሰቢያ


ቡሬ ዙሪያ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመታሰቢያ፤

እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ትሁንሽ፣ የሰው አገር ሰው ፊቱን አያጥቁርብሽ። እኛ ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፣ ዳጉሳው እየታጨደ ነው፣ አጎትሽ ወገቤን ይላል። ማጨድ ሲባል ነው እንጂ ጠላ ሲባል ወገቡ ታሞ አያውቅም።

ደብዳቤሽን መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብሁት። አንቺ ልጅ፣ ውሻ ስታይ ቀሚሴ ውስጥ ትገቢ የነበርሽው፣ የአየለችን ቡችላ ፈርተሽ ትምህርት ቤት በወንዙ ዞረሽ ትሄጂ የነበርሽው፣ ዛሬ ጥጃ የሚያህል ውሻ ልወዳጅ ትያለሽ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። የማን ነው ውሻው?

ለማንኛውም ዳቦዋን ልንገርሽ። እጄ ረስቶ እንደሆነ ብዬ፣ ጾመ ነቢያትም ሳይገባ ትናንት ራሴ ጋግሬ አየኋት። የበሬ አጥንት፣ ቅልጥሙ ያለበትን፣ አብዝተሽ ትቀቅያለሽ። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። ሽንኩርት በጭራሽ እንዳታስገቢ፤ ለውሻ ክፉ ነው። መረቁ ሲበርድ ስቡ ከላይ ይረጋል፤ አብዛኛውን ግፈፊው፣ አለዚያ ሆዱን ይነፋዋል። በመረቁ የበቆሎ ዱቄትና ጥቂት ዳጉሳ ታቦኪያለሽ። ጉበት ካለ ቀቅለሽ ክተፊበት፤ እንቁላል ምቺበት፤ ተልባ ቆልተሽ ወቅጠሽ ጣል አድርጊበት፣ ጠጉሩን ያወዛዋል። እንደ አውራ ጣት እያደረግሽ በቀስታ እሳት ታበስያታለሽ፤ ከዚያ ድንጋይ እስክትመስል ድረስ ታደርቂያታለሽ። ስትነክሻት ጥርስሽን ካላሳመመችሽ አልደረሰችም። ድስቱን ደግሞ ለይ። ውሻ የሚቀርብበት ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር አይታጠብም፤ ስዊድን ነው ብለሽ እንዳትረሺ።

ማናለብኝ፣ አሁን ያለው ውሻችን፣ በልቶ በልቶ ድስቱን ሲያሳድድ ዋለ። አየለች በአጥሩ በኩል አይታኝ «ዙፋን፣ ለውሻ ዳቦ፣ ለጎረቤት ቆሎ ሆነ?» አለችኝ። ውሻዬን ማናለብኝ ብዬ የጠራሁት ለእሷ ወሬ መልስ እንዲሆን ነበር፤ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ምንም እንዳትልኪ። ወሬ ብቻ ላኪልኝ፤ ያንን ስትሰስቺ ነው የምታስፈሪኝ።

የምትናፍቅሽ፣
አክስትሽ ዙፋን


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእታለም ዙፋን፤

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስዎ፣ በጉም ይስባልዎ፣ የቤቱ ጤና አይጓደል። እኔ ደህና ነኝ፤ የደረሰብኝን ግን ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። አጥንቱን ገዛሁ፣ ጉበቱን ገዛሁ፣ ድስቱ ፊት ቆምሁ፤ እጄ እምቢ አለ። በጾም መረቅ ማማሰል እንዴት ይሆናል? እንፋሎቱስ? ስለዚህ አጥንቱን ጎረቤት ሰጥቼ ዳቦዋን በውሃና በዘይት አቦካኋት፤ በጉበቱ ፋንታ ምስር ቀቅዬ ጨመርሁባት። ሳበስላት አሳረርኋትና ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኾ የፎቁ ሰው ሁሉ በካልሲው ደረጃ ላይ ወጣ። ከቃጠሎ የተረፈችውን ለሲጌ ወሰድሁለት። አሸተታት፣ እኔን አየኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ውሻውን አስጾምሁት፣ እታለም። ስጽፍልዎ ራሴም እየሳቅሁ ነው። ያን ዕለት ግን አውቶቡስ ውስጥ አልቅሻለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ዮናስ የሚባል ሰው አለ። አናጢ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃሉን የሚያከብር። ከተዋወቅን ዓመት አልፎናል፤ ልንጋባ ነው የምናስበው። ከከተማ ወጣ ብሎ ከእናቱ ጋር በግ ያረባሉ። አባቱ ስለሞተ እናቱን ብቻዋን ትቶ አይወጣም፤ እኔም ተዋት አልለውም፤ ስለዚህ ከተጋባን የምኖረው እዚያ ቤት ነው። ሲጌ የእናቱ ውሻ ነው። በሄድሁ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ያሳየኛል። እናቱ ደግሞ አንድ ቀን «ሲጌ ያልተቀበለው ሰው እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁም። ቤቱ የእሷ ነው፣ ውሻውም ቃል አቀባይዋ ይመስለኛል።

ምን ላድርግ? እርስዎ ክፉ ውሻ እንዴት ያለምዱ እንደነበር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ መታሰቢያ


ቡሬ ዙሪያ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለመታሰቢያ፤

ያጨሽን ይባርከው፣ የምትገቢበትን ቤት ደጃፉን ያስፋው። ይታገሱ ደብዳቤሽን ያመጣልኝ የጥምቀት ማግስት ነው። አንብቤ ስጨርስ ብቻዬን ጓዳ ገብቼ እልል አልሁ። አየለች ከአጥሩ ማዶ «ምን ተገኘ?» ስትል «ዶሮዋ ጣለች» አልኋት።

አጎትሽ ዳኘው ደስታው ከእኔ ይብሳል፤ ግን የአገውነት ወጉ አልለቅ ብሎት ዮናስ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይላክልኝ ይላል። ከወዴት ነው? ከዳሞት ነው፣ ከአቸፈር ነው? በስደት በግ ማርባት ያሰበ ቤተሰብ ብልህ ነው። ደጅ የሚጠና ሽማግሌ ከሌላቸው ሃይለ ሚካኤልን እኛ እናውሳቸዋለን፤ ከሁለቱም ወገን ሆኖ መናገር ይችልበታል።

ውሻውን አስጾምሽው ያልሽውን ለዳኘው ሳነብለት ከመደቡ ሊወድቅ ነበር። ልጄ፣ ውሻ አልተጠመቀም። ጾሙ ያንቺ ነው፣ ሆዱ የእሱ ነው። ሁዳዴ ሳይገባ በመረቅ ጋግሪና በደንብ አድርቀሽ አስቀምጪ።

አሁን ደግሞ ለማንም የማልነግረውን ልንገርሽ። እኔ ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ስመጣ አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አማርኛዋ ጥቂት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአገውኛ አንድ ቃል አላውቅም። ውሻቸው በሩ ላይ ይጋደምና ውሃ ልቀዳ ብል አያሳልፈኝም። እሷ በአገውኛ ስታናግረው ጅራቱን ይቆላል፤ እኔ በአማርኛ ሳባብለው ያጉረመርማል። አንድ ጠዋት አማቴ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝና ብብቴን በጣቷ አሳየችኝ። ደብቂው የምትለኝ መስሎኝ፣ ሌባ አድርጋኝ ነው ብዬ አለቀስሁ። ኋላ ዳኘው ነው የፈታልኝ። ዳቦው በብብትሽ ውሎ ላብሽን ሲጠጣ፣ ከዚያ ለውሻው በእጅሽ ስትሰጪው፣ ውሻው ያንቺ ይሆናል። እንዳለችኝ አደረግሁ። ከርሞ ከርሞ ውሻው ወንዝ ስወርድ ፊት ፊቴ ይሄድ ጀመር።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ለማንም አትንገሪ፣ ለማንም አታስቀምሺ። ሲደርስ ጻፊልኝ፤ የአማትሽን ስም፣ የዮናስን መልክ፣ ሁሉንም።

አክስትሽ ዙፋን


ጎተንበርግ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእታለም ዙፋን፤

ሁዳዴውን በብርታት ያስፈጽምዎ፣ ለትንሣኤው ከነቤተሰብዎ ያድርስዎ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት አይደለም። ጀምሬ እየተውሁት ነው።

መጀመሪያ የፈራሁትን ልበል። ዮናስ ከዳሞትም ከአቸፈርም አይደለም። የስዊድን ሰው ነው፤ እናቱም ኢንግሪድ ትባላለች። ስሙን ጽፌ ሌላውን ዝም ያልሁት ከእኛው ወገን እንዲመስልዎ ነው። ዋሸሁ አልልም፣ እውነቱንም አልነገርሁዎትም። የዳኘውን ሰባት ቤት ግን ጠይቄያለሁ። ኢንግሪድ ደስ ብሏት በጣቷ እየቆጠረች ከሰባትም አልፋ ሄደች፤ ሁሉም በግ አርቢ። አጎቴ የራሱን ሲቆጥር ስድስተኛው ላይ ሁልጊዜ ከወንድሙ ጋር እንደሚጣላ አልነገርኋትም።

አሁን ወደ ዳቦዋ። እንዳሉኝ በመረቅና በጉበት ጋገርኋት። በጨርቅ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ሥራ ዋልሁ። ሽማግሌ ሳነሣና ሳስተኛ ስለምውል ላብ አልቸገረኝም። አንዲት አሮጊት አቅፌ ሳስነሣት «መታ፣ ዛሬ ምን ምን ትያለሽ?» ብላኛለች። ከሥራ በቀጥታ ኢንግሪድ ቤት ሄድሁ። ጨርቁን ፈትቼ ዳቦዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልሁ። ቀና ስል ኢንግሪድ ዳቦዋን በቡናዋ እያጠቀሰች ትበላለች።

ልንገራት ብልስ በየትኛው ቋንቋ? ብብት በስዊድንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። «ጥሩ ናት፣ ጠንከር ብላለች እንጂ» አለችና ሁለተኛዋን አነሣች። የአገሬ ብስኩት አምጥቼላት ነው የመሰላት። ጨርሳ በላች። ሲጌ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ አጉረመረመብኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እታለም፣ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሆናለች። በየጠዋቱ ደውላ በልተሻል ወይ ትለኛለች። የሱፍ ካልሲ ሠርታልኛለች። ስሄድ መንገድ ድረስ ወጥታ ትጠብቀኛለች፤ ስመለስ አውቶቡሱ እስኪነሣ ትቆማለች። ዮናስ «እናቴን ምን ነካት?» ይለኛል። ሲጌ እንደሆነ ያው ሲጌ ነው። ይህ ነገር በሰው ላይ ይሠራል እንዴ? እውነት ወዳኝ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ በመስተፋቅር ያዝኋት ማለት ከሆነ ግን በዚህ ቤቷ ልገባ አልችልም። ማፍረሻ ካለው ይንገሩኝ።

ፈቃድዎንም እለምናለሁ። እርስዎ ያልመረቁት ሠርግ ሠርግ አይሆንልኝም።

ልጅዎ መታሰቢያ


ቡሬ ዙሪያ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመታሰቢያ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ፤ ያንቺም የጭንቀት ድንጋይ ይንከባለልልሽ። ደብዳቤሽ ከበዓሉ በፊት ደርሶኝ ነበር። ዝም ያልሁሽ ተቆጥቼ ነው። ፈረንጅ በመሆኑ አይደለም። በማጀቴ ያሳደግሁሽ ልጅ ከእኔ መደበቅሽ አንጀቴን አሳረረው። ዳኘው ተይው ሲለኝ ከእሱም ጋር ተኳረፍን። ይኸው ተናገርሁት፣ ወጣልኝ።

ከዚያ ደግሞ ስለ አማትሽ ጭንቅ ያዘኝ። ማፍረሻ ብለሽ ስትጠይቂኝ ምን ልበል? ቄስ ንብረት ዘንድ ሄጄ በሹክሹክታ ነገርኋቸው። ጥምጥማቸው እስኪዘም ሳቁ። «ዙፋን፣ ሰው በብብት ላብ የሚዋደድ ቢሆን ኖሮ በዓመት በዓል ቤተ ክርስቲያኑ ሲጠብ አገሩ ሁሉ ተዋድዶ ባደረ ነበር» አሉኝ። ይልቅስ በጥንቆላ ነገር እንዳትገቢ ብለው ገሠጹኝ፤ ስገጂም አሉኝ፤ ሰገድሁ።

ቤት ስመለስ ማናለብኝን አየሁት። የኔን ዳቦ ለምዶ እንደ ሙክት ሰብቷል። ከሰሞኑ ጃርት ገብቶ ድንቹን ቆፍሮ ሲጨርሰው እሱ ያንኮራፋ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ፤ የእኛው በበላበት ተኛ። ዳኘው ዳቦው እንዲቀር ፈርዷል፤ እኔ ግን በእሱ ፊት ብቻ ነው ያስቀረሁት።

ማናለብኝ አጠገብ ተቀምጬ ያን የድሮ ውሻ አሰብሁ። የወደደኝ በላቤ ነው? በየጠዋቱ ያቺው ሴት፣ በዚያችው እጅ፣ ዳቦ ይዛ ስትመጣ ስላየ ነው እንጂ። አማቴ ያን ጊዜ የቆረሰችልኝ ዳቦ ደግሞ የራሷ ቁርስ ነበር። ያን ዕለት እስከ ማታ ሳትበላ እንደዋለች ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ቋንቋ ሳይኖረን ነው የተዋደድነው፣ ልጄ። ስትሞት ዓይኗን የከደንሁት እኔ ነኝ። ታዲያ አንቺ ከሌላ ቋንቋ ቤት አትግቢ የምልሽ በየትኛው አፌ ነው?

ኢንግሪድም ካልሲውን የሠራችልሽ ዳቦ ይዘሽላት የመጣሽ መስሏት ነው። ውሻውን ትተሽ ለእሷ ያሰብሽ መስሏታል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፤ ስለዚህ ንገሪያት። አንቺ ከእኔ ደብቀሽ ያቃጠልሽኝ ይበቃል። ብትቆጣም ተቆጥታ ትብረድ። ከመስተፋቅር የከፋ ውሸት ነው።

እኔ ግን መርቄሻለሁ። አግቢው። ሰው ያድርግሽ፣ ከአማትሽ ጋር ከእናትና ልጅ በላይ ያዋድድሽ፣ ውሻውም ልብ ይግዛ። ዳኘውም አሜን ብሏል። አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ስትነግሪያት ምን እንዳለችሽ ቶሎ ጻፊልኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እናትሽ ዙፋን


ጎተንበርግ
ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእታለም ዙፋን፤

ምርቃትዎ ከእርስዎ አልፎ ልጅ ልጅዎ ድረስ ይድረስ፤ ክረምቱም የልብ የሚያደርስ ዝናብ ያምጣልዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ዓርብ ገባልኝ። ዛሬ ሄጄ ነገርኋት፤ ይኸው ከዚያው ቤት ሆኜ እየጻፍሁልዎ ነው።

ብብት የሚለውን ቃል አስቀድሜ ፈልጌ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ኢንግሪድ ፊት ተቀምጬ ሁሉንም ከሥሩ ነገርኋት። ዳቦዋ የሲጌ እንደነበረች፣ አጥንቱን፣ ጉበቱን፣ በብብቴ ይዣት እንደዋልሁ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ፣ የእርስዎንም የሙሽርነት ጊዜ። ቋንቋው ሲጠፋኝ በእጄ አሳየኋት። ሲጌን ለማባበል እንጂ ለእሷ ብዬ እንዳላመጣኋትም ነገርኋት።

ተነሣች፣ ጓዳ ገብታ ትንሽ ቆየች፣ ካፖርቷን ለብሳ ወደ በጎቹ ወጣች። በመስኮት ሳያት ድርቆሽ በመንሽ እየዛቀች ከጎተራው ወደ ጋጣው ታመላልሳለች፤ ዮናስ ላግዝሽ ቢላት በእጇ መለሰችው። አልቋል አልሁ። ጫማዬን አድርጌ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ። ሳልሰናበታት መሄድ ነውር ስለሆነብኝ ብቻ ነው የጠበቅኋት። ሲጌ በሩ ላይ ተጋድሞ እያየኝ ነበር።

ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ላብ በላብ ሆናለች። ካፖርቷን አወለቀች። ከዚያ እጇን ወደ ብብቷ ሰድዳ በናፕኪን የተጠቀለለች አንዲት ብስኩት አወጣች፤ ራሷ የምትጋግራት ቅመም ያላት ናት። ፊቴ አኖረቻት። ተጣማለች፣ ርሳለችም።

«ብዪ፤ አሁን ያንቺ ተራ ነው» አለችኝ።

አየኋት። ልትስቅ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ዮናስ በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሆነ ምንም አልገባውም። ብስኩቷን አንሥቼ ገመጥኋት። ሽታው የደረሰው ሲጌ ያን ጊዜ ተነሣ። እየተጎተተ መጣና፣ ከተዋወቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገጩን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ ሽቅብ አየኝ። እንዲያ ስለምነው የከረምሁት ውሻ፣ እታለም፣ ለመነኝ።

ፍርፋሪ አልሰጠሁትም። ሁሉንም ራሴ በላኋት።

ልጅዎ መታሰቢያ